የጣና መጻሕፍት ማውጫና የሠንጠረዥ ቀመር

በጀርመን አገር የኢትዮጵያ ጥናት መምህር የነበሩት ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ጣና ደሴቶች ተሻግረው፣ በክብራን ገብርኤል፣ በደብረ ማርያም፣ በሬማና በዳጋ እስጢፋኖስ ዕቃ ቤቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲጠበቁ የኖሩትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ካነሡ በኋላ፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ አርእስት፣ የቅጠሉን ብዛት፣ የጸሐፊውንና ያጻፈውን ሰው ስም፣ በኅዳጉ ላይ የተጨመረውን ማስታወሻ እየዘረዘሩ ማውጫ ማዘጋጀት ጀመሩ። የክብራን መጻሕፍት ማውጫ በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማ በ1977 ታተመ፤ ሦስተኛውን ቅጽ ቬሮኒካ ሲክስ አዘጋጅተው በ1999 አወጡት። ሦስት ዐሥርት ዓመታት የፈጀው ይህ ማውጫ የታተመው በጀርመንኛ ስለ ሆነና በጥቂት ቤተ መጻሕፍት ብቻ ስለሚገኝ፣ በባሕር ዳር ተቀምጦ ደሴቶቹን በየቀኑ በዓይኑ የሚያይ ተማሪ፣ ከእነዚህ ገዳማት የትኞቹ ተአምረ ማርያም እንዳላቸው፣ ከተአምራቱም መጻሕፍት ውስጥ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሚቀድመው የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ቢፈልግ፣ መጻሕፍቱ በታንኳ ከሚደረስበት ስፍራ ሳይርቁ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ግን ከባሕር ማዶ ርቆበት ይኖር ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ርቀት የጣና ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ከየአብያተ ክርስቲያናቱና ከየገዳማቱ ሰብስቦ ካነሣ በኋላ፣ ፊልሞቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በኮሌጅቪል ከተማ በሚገኘው የሂል ገዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ፤ ማውጫውንም በመጀመሪያ ዊልያም ማኮምበር፣ ከዚያም ነፍሳቸውን ይማርና እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሊባል በሚቻል ትጋት በብዙ ቅጽ አዘጋጁት። በሃምቡርግ ደግሞ በአሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ፣ እስከ 2040 እንዲዘልቅ ታስቦ፣ ቀደም ሲል በየማውጫው ተበታትኖ የነበረውን የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት መረጃ በኮምፒዩተር ሊነበብ በሚችል ሥርዓት እያሰባሰበ ለማንኛውም ሰው በነፃ ከፍቶታል። ስለዚህ ዛሬ ዝርዝሩ ከባሕር ማዶ ተመልሶ በባሕር ዳር ተማሪ የስልክ መስኮት ላይ እንኳ ሊታይ ይችላል።

ይሁን እንጂ ማየት አንድ ነገር ነው፤ መጠየቅ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ የመረጃ ቤት ሲከፈትለት አብዛኛው ሰው እንደ ታተመ መጽሐፍ አድርጎ ያነበዋል፤ አንዱን ገጽ ይከፍታል፣ የሚፈልገውን በደብተሩ ይገለብጣል፣ ይዘጋል፣ ሌላውን ይከፍታል። ሁለት መቶ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ለመመርመር ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሳምንታቱም ውስጥ እጅ ይደክማል፣ ዓይን ይስታል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ያልተማረ፣ ነገር ግን በቢሮም በሱቅም ዘወትር የሚታየውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ኤክሴልን ወይም ጉግል ሺትስን፣ መክፈት የሚችል ሰው ይህን ድካም በጥቂት ቀመር ሊያቃልለው እንደሚችል ለማስረዳት ነው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት። የሚጠቅመውም ከሁሉ ይልቅ ግእዝን ለሚያውቁ ወጣቶቻችን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ መረጃው እንዴት እንደሚቀመጥ መገንዘብ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የምናየው ገጽ፣ አርእስቱ ከላይ፣ ሥዕሉ ከጎን፣ መግለጫው ከታች ሆኖ ሲታይ፣ እንደ ታተመ ወረቀት በዚያው መልኩ የተቀመጠ ይመስለናል፤ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለው መሣሪያ ነገሩንና የነገሩን መልክ ለይቶ ያስቀምጣል። የመጽሐፉ አርእስት በአንድ ስፍራ፣ ገዳሙ በሌላ ስፍራ፣ ዘመኑ በሌላ፣ የቅጠሉ ብዛት በሌላ ይመዘገባል፤ አንባቢ በጠየቀ ጊዜ ብቻ ሥርዓቱ እነዚህን ከየስፍራቸው ጠርቶ፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ አሰልፎ፣ ገጽ አስመስሎ ያቀርባቸዋል። የዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ማኅደርም፣ የጋዜጣ ድረ ገጽም፣ የሙዚየም ዝርዝርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ መለያየት የሚገኘው ትልቅ ጥቅም፣ ሥርዓቱ በሩን ከከፈተ፣ መልኩን ትተን ነገሩን ብቻ ልንወስድ መቻላችን ነው።

ነገርን በሠንጠረዥ አሰልፎ መጠየቅ ለቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት አዲስ አለመሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው አውሳብዮስ ዘቂሣርያ፣ አራቱን ወንጌላት በአሞንዮስ ስም በሚጠሩት ቁጥር ባላቸው ክፍሎች መሠረት ለይቶ ዐሥር ሠንጠረዦች አዘጋጀ፤ በመጀመሪያው አራቱ ወንጌላውያን አንድ ሆነው የሚናገሩት፣ በሚቀጥሉት ሦስቱ፣ ከዚያም ሁለቱ የሚተባበሩበት፣ በመጨረሻው እያንዳንዱ ለብቻው የሚናገረው ነገር በቁጥር ተሰልፎ ይገኛል። አንባቢው በማቴዎስ ወንጌል ኅዳግ ላይ ያገኘውን ቁጥር ይዞ ወደ ሠንጠረዡ ሲሄድ፣ ከዚያው ረድፍ ላይ የማርቆስን፣ የሉቃስንና የዮሐንስን ቁጥር ያገኛል፤ በእነርሱም መሪነት ንባቡን ከሦስቱ ወንጌላት ያወጣል። እነዚህ ሠንጠረዦች በዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ጥንታውያን ወንጌላት መጀመሪያ ላይ በአዕማድና በቅስት አጊጠው እስከ ዛሬ ይታያሉ። በአንድ ቁጥር ሌላውን መፈለግ፣ ከአንዱ ረድፍ ወደ አንዱ መጽሐፍ መሻገር፣ ዛሬ በኮምፒዩተር የምንሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ራሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ባወጡ ጊዜ ነው፤ ኤክሴል በ1985፣ ጉግል ሺትስ በ2006 ተከተሉት። ለሒሳብ ሠራተኞች የታሰበ መሣሪያ ስለ ነበረ ብዙ ሰው እስከ አሁን ድረስ የሚያውቀው ደመወዝና ወጪ ሲደመርበት ነው። ነገር ግን ሴል በሚባለው የሠንጠረዡ ሣጥን ውስጥ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቃልም ሊቀመጥ ይችላል፤ ቀመሩም መደመርን ብቻ ሳይሆን መምረጥን፣ መፈለግን፣ ማዛመድን ያውቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መረጃውን ከሥርዓቱ ወደ ሠንጠረዥ ለማምጣት ጉግል ሺትስ «ኢምፖርትዳታ» እና «ኢምፖርትኤክስኤምኤል» የሚባሉ ቀመሮች አሉት፤ (የቀመሮቹን ስም እዚህ በፊደላችን ብጽፈውም በሠንጠረዡ ላይ በላቲን ፊደል መጻፍ እንዳለበት አንባቢ ይወቅልኝ።) የመጀመሪያው ሥርዓቱ በነጠላ ሰረዝ ተለያይቶ የተዘጋጀ ዝርዝር ሲሰጥ የሚያገለግል ሲሆን፣ አድራሻውን ብቻ ተቀብሎ ሙሉውን ዝርዝር በረድፍና በዓምድ ያሰፍረዋል። ሁለተኛው አድራሻውንና ዱካውን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ ዱካ ማለቴ በመዝገቡ ውስጥ የምንፈልገው ነገር የሚገኝበትን ስፍራ የሚያመለክት አጭር መግለጫ ነው። ለአንድ የገዳም ዕቃ ቤት ጠባቂ «መጽሐፍ አውጡልኝ» ብሎ መናገር እንደማይበቃ፣ የትኛው ሣጥን፣ ስንተኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ቅጠል እንደ ሆነ ማመልከት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ይህም ቀመር «ከዚህ አድራሻ፣ ከመዝገቡ ውስጥ፣ አርእስት ተብሎ የተሰየመውን ብቻ» ተብሎ ሲነገረው ነው አርእስቶቹን ሰብስቦ የሚያመጣው። በሃምቡርጉ የመረጃ ቤት እያንዳንዱ የብራና መጽሐፍ ኤክስ ኤም ኤል በሚባለው አጻጻፍ የቀረበ አንድ መዝገብ ስላለው፣ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የተመቸ ነው። ኤክሴል የሚጠቀም ሰው ደግሞ «ፓወር ኩዌሪ» በተባለው ክፍል በኩል ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል፤ ጄሶን በሚባለው አጻጻፍ የቀረበ መረጃም በዚያው በኩል ያለ ብዙ ችግር ይገባል።

መረጃው ከገባ በኋላ ጥያቄው ይጀመራል። እንበልና በኤ ዓምድ የመጽሐፉ መለያ፣ በቢ ገዳሙ፣ በሲ አርእስቱ፣ በዲ የተጻፈበት ዓመት ሰፍሯል። የተአምረ ማርያምን ቅጂዎች ብዛት ማወቅ የሚፈልግ ሰው «ካውንትኢፍ» የተባለውን ቀመር የሲን ዓምድና «ተአምረ ማርያም» የሚለውን አርእስት ሰጥቶ ቢያዝዘው ቁጥሩን ያገኛል። መጽሐፎቹን ራሳቸውን ለማየት የሚፈልግ «ፊልተር» ይላል። ከሁሉ የበረታው ግን በጉግል ሺትስ የሚገኘው «ኩዌሪ» ነው፤ በእርሱ ውስጥ «ሴሌክት ኤ፣ ሲ፣ ዲ ዌር ቢ = 'ክብራን' ኦርደር ባይ ዲ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ «ገዳሙ ክብራን የሆነውን መጽሐፍ ሁሉ መለያውን፣ አርእስቱንና ዓመቱን አውጣልኝ፤ በዓመቱም ቅደም ተከተል አሰልፍልኝ» ማለቱ ነው። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ምን ይውጣ፣ የትኛው ይመረጥ፣ በምን ይሰለፍ። ይህን የተረዳ ሰው ከጥያቄ ወደ ጥያቄ መሻገር ይቀለዋል፤ በማውጫው ቅጽ ላይ ሳምንታት የሚፈጀውን ምርመራ አንድ ቃል ለውጦ በቅጽበት ይደግመዋል፤ በመልሱም ምክንያት አስቀድሞ ያላሰበው ጥያቄ ይመጣለታል። እኔ የዚህን መሣሪያ ክብር የማየው ከፍጥነቱ ይልቅ በዚህ በኋለኛው ነው።

አንድ መጽሐፍ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ አይኖርም። የክብራን ገብርኤል ሥዕላዊው ወንጌል፣ በ14ኛው መጨረሻና በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መካከል የተጻፈው ያ ዕፁብ መጽሐፍ፣ በሐመርሽሚት ማውጫ «ጣናሴ 1» ይባላል፤ በገዳሙ ተራ ደግሞ «ክብራን 1» ነው። አንዱ ተመራማሪ በመጀመሪያው ስም፣ ሌላው በሁለተኛው ሲጠራው፣ ኮምፒዩተሩ ሁለት ወንጌል ያለ ይመስለዋል። የሃምቡርጉ ሥራ ለእያንዳንዱ ነገር የማይለወጥ መለያ የሰጠው ስለዚህ ነው፤ የድርሰት መለያ «ኤል አይ ቲ» በሚሉ ፊደላት፣ የሰው «ፒ አር ኤስ»፣ የስፍራ «ኤል ኦ ሲ»፣ መጻሕፍቱን የሚጠብቁ ገዳማትና ተቋማት መለያ «አይ ኤን ኤስ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። በአንዱ ሠንጠረዥ የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ በሌላው የድርሰቶቹ ዝርዝር ካለን፣ «ቪሉክአፕ» የተባለው ቀመር በመለያው መሪነት ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፤ አውሳብዮስም ያደረገው ይህንኑ ነበር። ስምን ለዓይን፣ መለያን ለማዛመድ መጠቀም ከመጀመሪያው ቀን ሊለመድ የሚገባው ሥርዓት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት በማናቸውም አገር ላለ ሰው የሚሆን ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን የእኛው ችግር ነው፤ መፍትሔውም ከእኛ ካልመጣ ከሌላ አይመጣም።

ቀመር ማዛመድ የሚችለው ፍጹም አንድ የሆነውን ነው። «ሥላሴ» ብለን ብንጠይቀው «ስላሴ» ተብሎ የተመዘገበውን አያመጣም፤ «መጽሐፈ» ብንል «መጽሀፈ» የተባለው ይቀራል፤ «ዐቢይ» ብንል «አቢይ» ይጠፋል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ጸና ፀ በአማርኛ አነጋገር አንድ ሆነው ቢሰሙም በኮምፒዩተር ዘንድ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ሲገባም እንደ ተለያዩ ተመዝግበዋል፤ መልካምም ሆነ። ጠያቂው እንግዲህ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ሬጀክስማች» በተባለው ቀመር አማራጩን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መስጠት ነው፤ «[ሥስ]ላሴ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱንም ያገኛል፤ «መ[ጽፅ][ሐሀኀ]ፈ» ያለም እንዲሁ። ሁለተኛው ከአርእስቱ ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ ከፍቶ፣ «ሰብስቲቲዩት» በተባለው ቀመር ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ነው፤ ሐን ወደ ሀ፣ ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለመመለስ አምስቱ ጥንዶች በሰባቱ ቤት ተባዝተው 35 ልውውጥ ይሆናሉ።

ነገር ግን አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ልውውጥ ፈጽሞ በዋናው ዓምድ ላይ መደረግ የለበትም። በግእዝ መሀረ ማለት አስተማረ ነው፣ መሐረ ማለት ይቅር አለ ነው፤ ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሰረቀ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ በብራናው ላይ ያኖረውን ፊደል፣ ስሕተት እንኳ ቢሆን፣ ማስተካከል የማውጫ አዘጋጅ ሥልጣን አይደለም፤ ስሕተቱ ራሱ ስለ ጸሐፊው አገርና ዘመን ሊመሰክር ይችላልና። ለመፈለጊያ የተበጀው ዓምድ ለመፈለጊያ ብቻ ይኑር፤ ንባቡ እንደ ተገኘ ይጠበቅ። በቃላት መካከል ያሉት ሁለት ነጥቦችም እንዲሁ ያሳስታሉ፤ አንዱ መዝጋቢ «ተአምረ፡ማርያም» ብሎ፣ ሌላው በባዶ ስፍራ ለይቶ ከጻፈ፣ ቀመሩ ሁለቱን እንደ አንድ አይቆጥራቸውም። በላቲን ፊደል የተጻፈ መዝገብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ሊቃውንቱ በፊደሉ ላይና ታች የሚያደርጓቸው ምልክቶች ከማውጫ ወደ ማውጫ ስለሚለያዩ፣ አንዱ ክብራን በሦስትና በአራት መልክ ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ፊደል ከተነሣ አይቀር፣ ሠንጠረዡ ዓምዱን በፊደል ተራ ሲያሰልፍ የሚከተለው የዩኒኮድን ቅደም ተከተል፣ ማለት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለውን ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ በሚለው ተራ ስለ ሄደ፣ ሠንጠረዡን ከእርሱ ጋር እያመሳከረ የሚሠራ ሰው የፊደላቱን ተራ በቁጥር ያሰፈረ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

የዘመን ነገር ከፊደሉም ይበልጣል። በመጀመሪያ ደረጃ ፲፱፻፷ ብሎ የተጻፈ አኃዝ ለኮምፒዩተሩ ቁጥር አይደለም፤ ቃል ነው፤ አይደመርም፣ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ስለዚህ የግእዙ አኃዝ በአንድ ዓምድ እንደ ተጻፈ ይቀመጥና በጎኑ በተራው ቁጥር ይገለበጣል። ቀጥሎ የዘመኑ አቆጣጠር ይመጣል። አንዱ ጸሐፊ በዓመተ ዓለም፣ ሌላው በዓመተ ሰማዕታት፣ ሌላው በዓመተ ምሕረት ይጽፋል። በጥንታዊ መጽሐፍ መደምደሚያ ላይ «በ፺ ዓመተ ምሕረት» የሚል ቢገኝ፣ ይህ ዛሬ የምናውቀው አቆጣጠር ሳይሆን 532 ዓመት የሚዞረው የዐቢይ ቀመር ዓመት ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ዙር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. 1348 ስለ ሆነ፣ ወደ ዛሬው አቆጣጠራችን ለመመለስ 1340 ይጨመርበታል፤ ዘጠናውም 1430 ዓ.ም. ሆኖ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ላይ ይወድቃል። ይህን ያላወቀ መዝጋቢ ቁጥሩን እንዳለ ቢያሰፍረው መጽሐፉ ከሐዋርያት ዘመን የተጻፈ ይመስላል፤ በኩዌሪም ቢሰለፍ ከሁሉ በፊት ይቆማል።

የባሕረ ሐሳብ ትምህርት እዚህ ላይ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ብዙ ጸሐፍት ዓመቱን ብቻ ሳይሆን «በዘመነ ማቴዎስ»፣ «በዘመነ ማርቆስ» እያሉ ወንጌላዊውንም ይጽፋሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሮ ለአራት ሲካፈል ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ መሆኑን የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ በሠንጠረዥ «ሞድ» የተባለውን ቀመር በመጠቀም በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ለምሳሌ 2018 ላይ 5500 ሲጨመር 7518 ይሆናል፣ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይቀራል፣ ዓመቱም ዘመነ ማርቆስ ነው። ቀመሩን በመቶዎች በሚቆጠሩ መጻሕፍት ዓምድ ላይ ዘርግቶ፣ ጸሐፊው ከጻፈው ወንጌላዊ ጋር የማይስማማውን ረድፍ በቀይ እንዲያመለክት ማዘዝ ይቻላል። ያልተስማማው ረድፍ የግድ የጸሐፊው ስሕተት አይደለም፤ ወይ መዝጋቢው አኃዙን አሳስቶ አንብቧል፣ ወይ አቆጣጠሩ ሌላ ነው፣ ወይ መደምደሚያው ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጠ ነው። ይህን የመሰለ ማመሳከሪያ የባሕረ ሐሳብ ምሁር እንጂ የኮምፒዩተር ምሁር ብቻውን ሊያስበው አይችልም።

ሠንጠረዥን ለእንዲህ ያለ ሥራ መሣሪያ ማድረግ ምኞት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ሥራ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በዌንዲ ሎራ ቤልቸር መሪነት ተሠርቷል። የተአምረ ማርያምን ታሪኮች ከ1300 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ ከተጻፉት መጻሕፍት የሚያሰባስበው ይህ ሥራ ከ1,000 በላይ ተአምራትን የያዘ ሲሆን፣ መነሻ ያደረገውም ማኮምበር ያዘጋጀውን ከ600 በላይ ታሪኮች ያሉበትን ዝርዝር ነው። አዘጋጆቹ መረጃውን ያሰባሰቡት በጉግል ሺትስ ነበር፤ ለብራና መጻሕፍቱ አንድ ሠንጠረዥ፣ ለእያንዳንዱ ተአምር አንድ፣ ተአምሩ በየመጽሐፉ ለሚገኝበት ስፍራ ሌላ አንድ አበጅተው በመለያ አስተሳሰሯቸው። ከዚህም በላይ፣ መዝጋቢው የአንድን ተአምር የመጀመሪያ ቃላት በግእዝ ሲጽፍ፣ ከተመዘገቡት መካከል ተቀራራቢውን ፈልጎ የተአምሩን ቁጥር የሚያቀርብ መሣሪያ በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ተከሉ። የአንድ ተአምር መነሻ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በጥቂት ቃል ስለሚለያይ፣ ፍጹም አንድ የሆነውን ብቻ የሚያውቀው ተራ ቀመር ለዚህ አይበቃም ነበርና። በመዝጋቢነት የሠሩት ግእዝ የሚያነቡ ሊቃውንት ናቸው፤ ሠንጠረዡ የተመረጠውም እነርሱ አዲስ መሣሪያ ለመማር ሳይደክሙ ወዲያው ሊሠሩበት ስለሚችሉ ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ነበር እላለሁ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከሩቅ የመረጃ ቤት ጋር በቀመር የተያያዘ ሠንጠረዥ ሕያው ነው፤ ጉግል ሺትስ ክፍት ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ በየሰዓቱ ገደማ መረጃውን ያድሳል፤ በዚያ ወገን የተጨመረው ወደዚህ ይመጣል። ሕያው መሆኑ ግን ሟች ያደርገዋል። አድራሻው ቢለወጥ፣ መረቡ ቢቋረጥ፣ ቀመሩ በመረጃው ፋንታ የስሕተት ምልክት ብቻ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በለንደኑ የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ላይ በደረሰው የኮምፒዩተር ጥቃት፣ ከመቅደላ የተወሰዱትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት የሚጠብቀው ያ ታላቅ ተቋም፣ በመረብ ያቀርበው የነበረው ማውጫና የዲጂታል ሥዕል ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ መረጃውን ካመጣ በኋላ በሌላ ሠንጠረዥ ላይ ቀመሩን ትቶ ዋጋውን ብቻ ይለጥፋል፣ ያመጣበትንም ቀንና አድራሻ በሠንጠረዡ ራስ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም በኋላ ባለ መረብም ሆነ ያለ መረብ ይሠራል። ለሰጪውም ወገን ማሰብ ተገቢ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሺህ ቀመር ዘርግቶ የአንድን የጥናት ተቋም ማሽን ማስጨነቅ ነውር ነው። መዝገቡን መውሰድ ደግሞ የመጽሐፉን ሥዕል እንደ ልብ ለማባዛት ፈቃድ አይሆንም፤ መጽሐፉ የገዳሙ ነው።

ይህ ሥራ ለማን ይገባል? የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማሩ ብዙ ወጣቶች በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ በጎጃም የቅኔ ቤቶች ደግሞ ፊደሉን፣ አገባቡን፣ ባሕረ ሐሳቡን በቃላቸው የያዙ ደቀ መዛሙርት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀመሩን ያውቃሉ፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት አያውቁም፤ የኋለኞቹ ጥያቄውን ያውቃሉ፣ ሠንጠረዡ መልስ ሊሰጣቸው እንደሚችል የነገራቸው የለም። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ አንድ መምህር ቢገኝ ብዬ ከልቤ እመኛለሁ፤ በሃምቡርግና በኮሌጅቪል የተደከመበት መረጃ እዚህ ቢመረመር፣ እዚያ ያልታየ ስሕተት እዚህ እንደሚታይ አልጠራጠርም። ዳጋ ላይ የሚነገረውን የቦታ ስም፣ በዘጌ ያለውን የቤተሰብ ስም፣ በኅዳጉ ማስታወሻ ውስጥ የተጠቀሰውን የርስት ድንበር ለይቶ የሚያውቅ ሰው የሚገኘው በዚህ ዳርቻ ነው።

ሲጀምሩ ከባዶው ሴል ቢጀምሩ እመክራለሁ። «ካውንትብላንክ» የተባለው ቀመር በአንድ ዓምድ ውስጥ ምንም ያልተጻፈባቸውን ሴሎች ይቆጥራል፤ «ፊልተር» ደግሞ እነዚያን ረድፎች ለይቶ ያወጣቸዋል። ጸሐፊው ያልታወቀ መጽሐፍ፣ ዘመኑ ያልተወሰነ፣ ያጻፈው ሰው ስሙ የተፋቀበት፣ ከተነሣ በኋላ አሁን የት እንዳለ ያልተመዘገበ፣ እነዚህ ሁሉ ገዳም በገዳም ተለይተው በአንድ ገጽ ላይ ይሰለፋሉ። ያ ገጽ በወረቀት ታትሞ በታንኳ ወደ ክብራን፣ ወደ ሬማ፣ ወደ ዳጋ ሊሄድ፣ መጽሐፎቹን በእጃቸው ከሚያገላብጡት አባቶች ፊት ቀርቦ አንድ በአንድ ሊጠየቅባቸው፣ የተገኘውም መልስ ከተናገረው አባት ስምና ከዕለቱ ጋር ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ ሊገባ ይችላል።